የቅርስ ጥገና መማር የምትፈልግ ልጅ እጇን የት ታፍታታ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሐዋሳ ነው። አቶቴ ተወልጄ ያደግሁ ልጅ ነኝ። የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ዛሬ ግን ሥራዬ የተሰበረ ገንቦ፣ ብል የበላው በርኖስና የሻገተ ብራና ሆኗል። ሙያው የቅርስ ጥገናና እንክብካቤ ይባላል። እኛ ውስጥ ያለነው ኮንሰርቬሽን እንለዋለን።

ብዕር ያስነሳኝ ባለፈው ጥር ያየሁት ነገር ነው። ለሥራ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ፣ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የኢንተርንሺፕ ደብዳቤ ይዛ ገባች። ኃላፊው አነበቡት። ከዚያ «ቅርስ እኮ ለተማሪ መለማመጃ አይሰጥም» አሏት። «እሺ» ብላ ወጣች። ወረፋዬን ትቼ ተከተልኳት። ደረጃው ላይ ቆማ ደብዳቤውን ወደ ፖስታው እየመለሰች ነበር። እጇ ይንቀጠቀጣል።

የኃላፊው ንግግር ግማሹ እውነት ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንም ሰው አስቀድሞ ሳያስፈቅድ ቅርስ ላይ የጥገና ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ደግም አድርጓል። ግን እዚሁ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። አናጢ ቁራጭ ጣውላ ገዝቶ ቤቱ ይለማመዳል። ልብስ ሰፊ አሮጌ አንሶላ ይቆርጣል። ቅርስ ጠጋኝ መሆን የሚፈልግ ልጅ ግን ብቻውን የሚለማመድበት ነገር የለውም። ያለው አንድ በር ነው፤ የሚያውቅ ሰው ሥር ገብቶ እያዩ መሥራት። ያንን በር ከዘጋንበት ሙያው ከአሁኖቹ ባለሙያዎች ጋር ጡረታ ይወጣል።

እኔ በዚያ በር ነው የገባሁት። ሁለት ጊዜ ተለማምጃለሁ። የመጀመሪያው ተማሪ እያለሁ ነበር። ቦታውን አልጠራም። አንድ ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ አነሳሁ፣ ፋይል ተሸከምኩ፣ ቃለ ጉባኤ በንጹሕ ገለበጥኩ። መጨረሻ ላይ «ልምምዷን በሚገባ አጠናቃለች» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። ያንን ወረቀት ዛሬም ሳየው እናደዳለሁ። ያቺ ወር የኔ ነበረች።

ሁለተኛው ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ለሦስት ሙዚየሞች ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለቱ መልስ አልሰጡኝም። ሦስተኛው፣ አዲስ አበባ ያለ፣ «ክፍያ የለንም፣ ግን ነይ» አለኝ። እናቴ አሮጌ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ስነግራት ለደቂቃ ዝም አለችና «ልጄ፣ ኬሚስትሪ ተምረሽ አቧራ ልትጠርጊ?» አለችኝ። ከዚያ ግን የመሳፈሪያ ብሩን ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችኝ እሷው ናት። ሽሮ ሜዳ አክስቴ ቤት አራት ወር ተቀመጥኩ።

ያስተማሩኝን ሰው ጋሼ እንላቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ምንም አላስነኩኝም። ወረቀትና እርሳስ ሰጥተው አንድ ዕቃ ፊት አስቀመጡኝ። ብዕር ስቶር ውስጥ አይገባም፤ ቀለም ካፈሰሰ አይለቅም። «ልጄ፣ መጀመሪያ ዓይንሽ ይሥራ። እጅሽ ይደርሳል» አሉኝ። የማየውን ሁሉ እንድጽፍ ነበር። ስንጥቁ የት ጀምሮ የት ያልቃል? ቀለሙ የሳሳው በየትኛው ጎን ነው? ቀድሞ የተጠገነ ቦታ አለ? ይህ የሁኔታ መግለጫ ይባላል። የሙያው ሀሁ እሱ ነው። የመጀመሪያዬ ግማሽ ገጽ ነበር። ጋሼ አንብበው ዕቃውን አዞሩትና «ይኼኛውን ጎን ማን ያይልሽ?» አሉኝ።

ቀጥሎ የሸክላ ማሰሮ መጣ። ከብዙ ዓመት በፊት ተሰብሮ አንድ ሰው በሱፐር ግሉ አጣብቆታል። በቅንነት ነው ያደረገው። ግን አንዷ ስባሪ ጠምማ ስለተያዘች ሌሎቹ ሁሉ አልገጠሙም። ሙጫው ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ላይ ደርቋል። ያንን አሴቶን በሚባል ማሟሟቻ ማስለቀቅ የኔ ሥራ ሆነ። ጥጥ ቀጭን እንጨት ላይ ትጠቀልላለህ፣ ትነክራለህ፣ ትጠብቃለህ፣ በቀስታ ትጠርጋለህ፣ ጥጡን ትጥላለህ፣ እንደገና ትጠቀልላለህ። መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንት ተደርጎ። ሦስት መጋጠሚያ ለመክፈት ወደ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ፓራሎይድ ቢ-72 በሚባል ሙጫ መልሰን ገጠምነው። ይህ ሙጫ ከዓመታት በኋላም በአሴቶን ይሟሟል። ነገ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢመጣ፣ ሥራዬን ፈትቶ እንደገና መሥራት ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ስለ ፖሊመር፣ እንዲህ ያሉ ሙጫዎች ስለሚሠሩበት ነገር፣ ተምሬ ነበር፣ ፈተናም አልፌ ነበር። ገባኝ የምለው ግን ያቺን ማሰሮ ስይዝ ነው።

ብልም አለ። የሱፍና የቆዳ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይበላል። ብዙ ሰው መድኃኒት ይረጫል፤ መድኃኒቱ ግን ዕቃውንም ሰውንም ይጎዳል። እኛ በፕላስቲክ አሽገን ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ እናስገባዋለን፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ ለሁለት ሳምንት። መብራት ጠፍቶ ቅዝቃዜው ከቀነሰ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። እኛ ሁለት ጊዜ ከአንድ ጀምረናል። ሲወጣም ፕላስቲኩ ወዲያው አይከፈትም። ዕቃው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ይጠበቃል፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮም ይያዛል፤ ሠርተውት ግን አይረሳም።

ወደ ኃላፊው ልመለስ። ተማሪ ቅርስ ያበላሻል ብለው ፈርተው ከሆነ፣ አንድም ዕቃ ሳይጠገን የሚሠራ ሥራ ሞልቷል። ሮም ያለው ኢክሮም፣ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ የሚያሠለጥነው ዓለም አቀፍ ተቋም፣ ሪ-ኦርግ የሚል ዘዴ አለው። የተዘበራረቀ ስቶር ለማስተካከል ነው፣ ለትንንሽ ሙዚየሞች ታስቦ የተዘጋጀ። ሁለት መመዘኛዎቹን ብቻ ልጥቀስ። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቦታ ኖሮት በሦስት ደቂቃ ውስጥ መገኘት አለበት። አንዱን ዕቃ ለማውጣትም ከሁለት በላይ ሌላ ዕቃ መነሳት የለበትም። እስቲ በየዞኑና በየወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ያለውን ዕቃ ክፍል በዚህ ለኩት። መቁጠር፣ ቁጥር መስጠት፣ ፎቶ ማንሳት፣ መደርደሪያውን ከግድግዳው ማራቅ፣ እርጥበቱን በየቀኑ መዝግቦ መያዝ፤ ይህን ሁሉ ሁለት ተማሪና አንድ ባለሙያ በአንድ ክረምት ይጨርሱታል። የእኛ ከተማ ሐይቅ ዳር ናት። አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ አልፎ ከቆየ ሻጋታ ይመጣል። ክረምት ላይ ቁም ሳጥን ውስጥ የረሳነው የቆዳ ጫማ ምን እንደሚያወጣ እናውቃለን። ብራናም ያው ቆዳ ነው።

ሥራው ደግሞ እዚሁ ደጃችን ላይ ነው። ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዘገበ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ተከተለ፣ ከነትክል ድንጋዮቹ። ሁላችንም ደስ ብሎናል። ግን ትክል ድንጋይ ላይ የበቀለን ነገር በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጎ «አጸዳሁ» የሚል ሰው ከመቶ ዓመት ዝናብ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ያን የሚያውቅ ልጅ በየወረዳው ያስፈልገናል። ሁሉም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም።

ገንዘቡንም ሳልናገር አላልፍም። እኔ አክስት ነበረችኝ። ሽሮ ሜዳ ዘመድ የሌላት የይርጋለም ልጅስ? ነፃ ልምምድ ስንል የሚችለው ሰው ብቻ ይለማመድ ማለታችን ነው። በሌላው ዓለምም ይኼ ጥያቄ ተነስቷል። የሰሜን አሜሪካ የኪነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተሮች ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ሙዚየሞች ለተለማማጆች እንዲከፍሉ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳልፏል። እኛ ደመወዝ ባንችል የታክሲና የምሳ እንችላለን። የዘርፉ ቢሮዎች በየዓመቱ በጀት ሲይዙ ለሁለት ልጅ ትራንስፖርት ቢጨምሩ ወጪው አንድ ወርክሾፕ አያክልም። ልምምዱም ከአራት ወር ባያንስ እላለሁ። ተጠሪ የሆነ አንድ ሰው ይኑር፤ የተለማማጁን የሥራ ደብተር በየሳምንቱ አይቶ ይፈርም። የተፈረመበት ደብተር ደግሞ ቅጥር ላይ እንደ ልምድ ይቆጠር። አራት ወር ማሰሮ ስፈታ ቆይቼ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው» የሚል ሳነብ እንደ ዜሮ ዓመት ነበር የተቆጠርኩት። ሥራ ለማግኘት ሌላ ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል።

በሩም ለአርኪዮሎጂ ተማሪ ብቻ አይሁን። ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ የተማረ ይግባ። ከቴክኒክና ሙያ የወጣ እንጨት ሠራተኛ ይግባ። ልብስ ስፌት የምትችል ልጅ አሮጌ ካባ ሳይጨማደድ የሚያርፍበትን ትራስ ከማንም በላይ ትሠራለች።

ይህን ሙያ ለምትፈልጉ ልጆችም አንድ ነገር ልበል። ደብዳቤ ስትጽፉ «ቅርስ እወዳለሁ» ብላችሁ አትቁሙ። ምን መሥራት እንደምትችሉ ጻፉ። ቤታችሁ ያለ አንድ አሮጌ ዕቃ፣ መሶብ ይሁን የአያታችሁ ሻፌታ (የሲዳማ የሸክላ ገበታ)፣ አስቀምጡና የሁኔታ መግለጫ ጻፉለት። በአራቱም ጎን ፎቶ አንሱት። ከደብዳቤው ጋር አያይዙት። እባካችሁ ግን አታጽዱት። የብር መስቀል በሎሚና በአመድ ሲፈተግ በየጊዜው ትንሽ ብር አብሮ ይሄዳል። የአያቴ መስቀል ላይ የነበረው ጽሑፍ እንዲህ ሆኖ ነው የጠፋው። ማን የጻፈው፣ ምን የሚል እንደነበር ቤታችን ውስጥ የሚያስታውስ የለም።

ያቺን ደረጃ ላይ ያገኘኋትን ልጅ በየቅዳሜው እያገኘኋት ነው። ቅርስ ላስነካት ሥልጣን የለኝም። የማደርገው ጋሼ ለእኔ ያደረጉትን ነው፤ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኋት። እናቷ ቡርሳሜ፣ ከእንሰትና ከቅቤ የሚሠራውን የሲዳማ ምግብ፣ የምታቀርብበትን ሻፌታ ሁኔታ ጻፈች። ያለፈው ቅዳሜ ሦስተኛ እርማቱን ይዛ መጥታ ነበር። አራት ገጽ ሆኗል። ከንፈሩ ላይ ያለውን ስንጥቅ በሚሊ ሜትር ለክታዋለች፣ የታችኛውን ጎንም አዙራ አይታዋለች። ለሚቀጥለው ክረምት ቦታ የሚሰጣት ሙዚየም ወይም ቢሮ ካለ፣ ሙሉ ስሜንና ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከሐዋሳ