ሆን ብዬ ስለምሸነፈው ጦርነት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የማርቆስ ብርድ እንደምታውቀው ነው። የአባትህ ጉልበት ትንሽ ተሽሎታል፤ ሰላም በይልኝ ብሏል።

ባለፈው በስልክ "እማ፣ ሆን ብሎ መሸነፍ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?" ብለህ ስትስቅብኝ ካርዴ አለቀና መልሱ ሆዴ ውስጥ ቀረ። አሁን ጊዜ አለኝ፣ ልጻፍልህ። ሳቅ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብበው።

ያ ትተኸው በሄድከው ላፕቶፕ ላይ ያለው ዊንግ ኮማንደር፣ ያ የጠፈር ጦርነት ጌም፣ በዕድሜ ይበልጥሃል። እ.ኤ.አ. በ1990 ኦሪጂን ሲስተምስ የሚባል የቴክሳስ ኩባንያ ያወጣው ነው። ዋናው ሠሪው ክሪስ ሮበርትስ ያኔ የ22 ዓመት ልጅ ነበር። እኔ በዚያ ዕድሜ የመጀመሪያ ክፍሌን ጠመኔ ይዤ ስገባ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መጀመሪያ ጌሙ ስለሚከንፍብኝ ምንም አይታየኝም ነበር። የተሠራው ለድሮ ቀርፋፋ ኮምፒውተር ስለሆነ ፍጥነቱ የሚሄደው በማሽኑ ፍጥነት ነው። የድሮ ጌሞችን በአዲስ ኮምፒውተር በሚያስኬደው በዶስቦክሱ ላይ ኮንትሮልና ኤፍ11 እየተጫንኩ እስኪበርድ ድረስ አወረድኩት። ይህን አንተ አልነገርከኝም፤ ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

አንተ የነገርከኝ ሌላ ነው። "ከተሸነፍሽ አትቀጥዪ፤ አልጋዎቹ ጋ ሂጂና ሎድ አድርጊ" አልከኝ። እኔም ታዛዥ ሆኜ ቆየሁ። እናት መርከቧ ታይገርስ ክሎው ውስጥ ያ የመኝታ ክፍል አለ፤ ጣሪያው ጠብ ጠብ የሚል፣ ከሥሩ ባልዲ የተደቀነበት። እያንዳንዱ አልጋ አንድ ሴቭ ነው፤ የደረስክበት እዚያ ይቀመጥልሃል፣ ሎድ ስታደርገው ከዚያው ትቀጥላለህ። በተሳሳትኩ ቁጥር ወደዚያ እሮጣለሁ፣ እደግማለሁ፣ አሸንፋለሁ። በመጨረሻ ቬኒስ የሚባለው የኮከብ ሥርዓት ደረስኩና የጠላቶቻችንን የኪልራዚዎቹን ጣቢያ አጠፋሁ። ሁሉም አጨበጨበ። አለቀ።

ከዚያ ነው ነገሩ የከነከነኝ። አንድ ተልዕኮ ብትወድቅ ጌሙ "ጨዋታው አበቃ" አይልህም። የሚቆጥረው በአንድ የኮከብ ሥርዓት ውስጥ የሠራሃቸውን ተልዕኮዎች ድምር ነው። ድምሩ ከሞላ ወደ አንዱ፣ ካልሞላ ወደ ሌላው ትላካለህ። እንግዲህ አሸናፊው በሕይወቱ የማያያቸው ቦታዎች አሉ ማለት ነው። ሰዎቹ ቁጭ ብለው ለተሸነፈ ሰው ጦርነት ጽፈዋል፣ ሥዕል ሥለዋል። አንተ ግን ሎድ እያደረግህ አለፍከው። ከፍለህበት ግማሹን ሳትበላ ተነሳህ!

መሸነፍ ቀላል እንዳይመስልህ። ዝም ብለህ ብትሞትማ ቀብርህ ላይ አለቃችን ኮሎኔል ሃልሲዮን ንግግር ያደርግልህና ሳጥንህ ወደ ጠፈር ይለቀቃል፤ በቃ፣ አበቃልህ። እኔ የምፈልገው ተልዕኮው ከሽፎ እኔ በሕይወት እንድመለስ ነው። ኮንትሮልና ኢ ተጭኖ ከኮክፒት መስፈንጠርም ይቻላል። መጀመሪያ ጊዜ ዘለህ ከተረፍክ ደግሞ ጎልደን ሰን የሚባል ሜዳይ ይሰጡሃል። መንኮራኩራቸውን አቃጥዬባቸው ሊሸልሙኝ! አባትህ ይህን ሲሰማ "ይህ መንግሥት ለጋስ ነው" አለ።

ይበልጥ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ኤንዮ በሚባለው የኮከብ ሥርዓት ድሬይማን የምትባል የጭነት መርከብ አጅቡ ተብለን ወጣን። እኔ ሆርኔት በምትባለው ትንሽ ተዋጊ መንኮራኩር፣ ከጎኔ ስፒሪት። ታውቃታለህ፣ ያቺ ረጋ ያለች ጃፓናዊት አብራሪ፣ ማሪኮ ታናካ። ሳልቲ የሚባሉት የኪልራዚ ተዋጊ መንኮራኩሮች መጡ። እኔ እንዳሰብኩት ፍጥነቴን ቀንሼ ወደ ኋላ ቀረሁ። ስፒሪት ልታግዝ ስትሮጥ ሬዲዮ ከፍቼ ከጎኔ እንዳትለይ አዘዝኳት። ታዘዘች። ድሬይማኗ በግራ በኩል ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ ጥይቱ ጎኗ ላይ ብልጭ ይላል። ከዚያ ነደደች። እኔም ጣቴ የተኩሱ ቁልፍ ላይ እንዳለ ቀረ። የኮምፒውተር ሥዕል ነው ልጄ፣ አውቃለሁ። ግን ሞክረውና ንገረኝ። ዕድሜህን ሙሉ "አድን" ተብለህ አድገህ፣ አንድ ጊዜ ቆሞ ማየት እንዴት እንደሚከብድ።

ስፒሪትን ግን ይዤ ተመለስኩ። የሞተ ጓደኛ አብራሪ በዚህ ጌም ተመልሶ አይመጣም። ተቀብሮ ይቀራል፤ ከእሱ ጋር ልትወጣ በነበረው ተልዕኮ ብቻህን ትወጣለህ። ስለዚህ የእኔ ሕግ ይህ ነው፦ ጦርነቱ ይሸነፍ፣ ልጆቹ ግን አንድም አይጎድሉም።

ኮሎኔሉ ፊቱን አጨፍግጎ ጠበቀኝ። እሱ ሆን ብዬ መሆኑን በምን ይወቅ? ጌሙ ሰነፉንና ተንኮለኛውን አይለይም፤ ይህ ትንሽ ቅር ይለኛል። አባትህ ደግሞ ከኋላዬ ቆሞ "በድመት ተሸነፍሽ?" ይላል። ኪልራዚዎቹ እውነትም ድመት ይመስላሉ፤ ያውም ትልልቅ፣ ጢማም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ታሪክ ሳስተምር ዘመኔን በሙሉ፣ የጦርነት ስም ከተነሳ ተማሪ የሚጠይቀኝ "ማን አሸነፈ?" ነው። መልሱን ሰምቶ ደብተሩን ይከድናል። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ተመልከት። ቤተ መንግሥታቸው እዚሁ ማርቆስ ነው፤ ትንሽ ሆነህ ይዤህ ሄጃለሁ። በ1874 እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጦር ጋር ገጠሙ። ተሸነፉ፣ ቆስለው ተማረኩ። ተፈትተው ጎጃም ተመለሱ። በ1880 ሳር ውኃ ላይ ደግሞ ደርቡሾች አሸነፏቸው። በ1888 ግን ዓድዋ ላይ የጎጃምን ጦር ይዘው የተሰለፉት ከዚያው ከማረኳቸው ከምኒልክ ጎን ነው። እምባቦ ላይ ሎድ የሚያደርግ ሰው ቢኖር ኖሮ የዚያን ቀን ማን ከማን ጋር ይቆም እንደነበር እንጃ። ክፍል ውስጥ ይህን ብነግራቸው ጎጃሜ ስለሆንኩ ያደላሁ ይመስላቸዋል። ለአንተ ግን እናትህ ነኝ፣ ባደላስ?

ጌሙም ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው የወደድኩት። ከሽንፈቱ መስመር ላይ ሆነህ ቀጣዩን ሥርዓት በደንብ ከተዋጋህ ወደ ላይ የሚመልስህ መንገድ አለ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። እየወረድክ እየወረድክ ከሄድክ መጨረሻህ ሄልስ ኪችን የሚባል ቦታ ነው። እዚያ የምንዋጋለትን የጠፈር ክልል፣ የቬጋ ሴክተርን፣ ለኪልራዚ ትተህ ማፈግፈግ ብቻ ይቀርሃል። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው በሦስተኛው ክፍል ደግሞ ሽንፈቱ ምድር ድረስ ይመጣል አሉ። እሱን ገና አልደፈርኩትም፤ ላፕቶፑም የሚችለው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሄልስ ኪችን እየወረድኩ ነው። እንግዳ ነገር ልንገርህ፤ በዚህ መስመር ላይ የተሻልኩ ተዋጊ ሆኛለሁ። ድሮ ሜዳይ ቆጥሬ ነበር የምወጣው። አሁን መርከቧ እያፈገፈገች ነው፣ ማንም አያጨበጭብልኝም፤ የማየው ከጎኔ ያለው ልጅ ጋሻው ስንት እንደቀረ ነው። ከእሱ ጀርባ የተጣበቀውን ድራልቲ የተባለ የኪልራዚ መንኮራኩር ሳባርር አባትህ ራሱ ዝም ብሎ ያየኛል።

ይልቅ ለፋሲካ ስትመጣ ጆይስቲክህን ይዘህልኝ ና፤ በኪቦርድ ጣቶቼ ደነዘዙ። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼልሃለሁ፣ ባዶ እጅህን አትመለስም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ላፕቶፑን ስትከፍት እጅህ ይበላሃል፣ አውቅሃለሁ። የፈለግከውን አልጋ ውሰድ፣ የመጀመሪያውን ግን እንዳትነካ። የእኔ ሽንፈት እዚያ ነው ያለው፤ ደርበህ ሴቭ ብታደርግበት አንላቀቅም።

እናትህ፣
ከደብረ ማርቆስ