የቅጣት ደብዳቤው ሕጉንም ይዞ ይምጣ፦ ለቨርጂኒያ የመኖሪያ ማኅበራት እንባ ጠባቂ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የቨርጂኒያ ኮመን ኢንተረስት ኮሚዩኒቲ እንባ ጠባቂ
ሪችመንድ

በፌርፋክስ፣ በአሌክሳንድሪያና በፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ ታውንሃውስ ገዝተው የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ከኤችኦኤ (ከቤት ባለቤቶች ማኅበር) የሚደርሳቸው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የአጥሩ ቀለም አልተፈቀደም፤ በ10 ቀን ውስጥ ይስተካከል፤ አለዚያ በቀን 10 ዶላር ይቆጠራል። የአጥሩ ፎቶ ከሥር ተለጥፏል። የትኛው አንቀጽ እንደተጣሰ፣ ቅጣቱ የት ላይ እንደሚቆም፣ ባለቤቱ የማኅበሩ ቦርድ ፊት ቀርቦ መናገር እንደሚችል ግን አንድም መስመር የለም።

ሕጉ ይህን ሁሉ ጽፎታል። በቨርጂኒያ ኮድ (የስቴቱ ሕግ) ቁጥር 55.1-1819 መሠረት ዲክላሬሽኑ፣ ማለትም የማኅበሩ መሠረታዊ ሰነድ፣ ወይም በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የወጣ ደንብ ሥልጣኑን በግልጽ ካልሰጠው በቀር ቦርዱ መቅጣት አይችልም። ቢሰጠውም እንኳ መጀመሪያ በጽሑፍ አሳውቆ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጣል። ካልተስተካከለ ስሚ፣ ማለትም ባለቤቱ ቦርዱ ፊት ቃሉን የሚያሰማበት ስብሰባ፣ ይጠራል፤ ጥሪው ቢያንስ ከ14 ቀን በፊት በእጅ ወይም በሰርቲፋይድ ሜይል (በፊርማ በሚረከቡት ፖስታ) መድረስ አለበት፤ ባለቤቱ ጠበቃ ይዞ መቅረብ ይችላል፤ ውሳኔው በ7 ቀን ውስጥ ይላክለታል። ለአንድ ጊዜ ጥፋት ጣሪያው 50 ዶላር ነው። ለሚቀጥል ጥፋት በቀን 10 ዶላር ሆኖ ከ90 ቀን አያልፍም፤ ማለትም 900 ዶላር። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ዕዳው ቤቱን እስኪበላ የሚቆጠር ይመስለዋል።

ሥልጣን የሌለው ቅጣት ማኅበሩንም ይጎዳል። በፌርፋክስ ካውንቲ በ2008 ምርጫ ሰሞን ከተፈቀደው በ4 ኢንች ይረዝማል በተባለ የምርጫ ቅስቀሳ ሰሌዳ የተጀመረ ክርክር፣ ፍርድ ቤቱ ማኅበሩ የመቅጣት ሥልጣን የለውም ብሎ ከወሰነ በኋላ በጠበቃ ወጪ ማኅበሩን ለኪሳራ ዳርጎታል። አራት ኢንች!

ሕዝባችንን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ግን የፈቃድ መደራረብ ነው። ቤቷ ውስጥ ዴይኬር የምትከፍት እናት ከካውንቲው ዞኒንግ (የቦታ አጠቃቀም ክፍል) ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ከራሷ ልጆች ሌላ ከ5 እስከ 12 ሕፃናት የምትይዝ ከሆነ የስቴት ላይሰንስ ታወጣለች። ሁለቱን ወረቀት ግድግዳ ላይ ሰቅላ ጨረስኩ ስትል ሦስተኛው በር፣ የማኅበሩ ዲክላሬሽን፣ ይቀራታል። የካውንቲው ዞኒንግ የሕፃናት እንክብካቤን የመኖሪያ ቤት ተጓዳኝ አገልግሎት አድርጎ ከቆጠረው በ55.1-1821 ሥራዋ እንደ መኖሪያ አገልግሎት ይታያል፤ ዲክላሬሽኑ በግልጽ ከከለከለ ግን የካውንቲው ፈቃድ አያድናትም። ስለዚህ ለላይሰንስ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ዲክላሬሽኑን ማንበብ ይቀድማል። ሰነዱ በሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ የመሬት መዝገብ ይገኛል።

ዲሽ ሌላ ነው። እዚህ የሚገዛው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የ1996 ደንብ ነው። ስፋቱ ከ1 ሜትር ያልበለጠ ዲሽ ባለቤቱ ብቻ በሚጠቀምበት በረንዳ ወይም ግቢ ላይ ሲተከል፣ ማኅበሩ የደኅንነት ወይም የታሪካዊ ቅርስ ምክንያት ከሌለው በቀር “አስቀድመህ አስፈቅድ” ማለት አይችልም። የኮንዶሚኒየም የጋራ ጣሪያ ላይ ግን ደንቡ አይሠራም፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚያ ነው። አቤቱታውም የሚሄደው ወደዚያው ኮሚሽን እንጂ ወደ ቢሮዎ አይደለም።

ወደ ቢሮዎ የሚመጣውም ቢሆን መንገድ ላይ ይቀራል። ባለቤቱ ማኔጀሩን በስልክ ይጨቃጨቃል፤ ኢሜይል ይልካል፤ የማኅበሩን የአቤቱታ ፎርም ግን አይሞላም። ፎርሙን ከሞላ ማኅበሩ በ7 ቀን ውስጥ ደርሶኛል ብሎ በጽሑፍ መመለስ አለበት። የማኅበሩ የመጨረሻ ውሳኔ በእርሱ ላይ ከሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ 25 ዶላር ከፍሎ ለቢሮዎ ያቀርባል፤ አቅም ከሌለው ክፍያው እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። ያም ሆኖ “ቦርዱ ዲክላሬሽኑን ጣሰ” ብሎ ከጻፈ ጉዳዩ ይመለስበታል፤ ቢሮዎ የሚያየው የማኅበራት ሕግና ደንብ መጣሱን ብቻ ነውና። ያው ቅሬታ “ጥሪው 14 ቀን ሳይሞላ ስሚ ተደረገ፣ 55.1-1819” ተብሎ ቢጻፍ ይታይ ነበር።

በንዴት ወርኃዊ መዋጮ የሚያቆሙም አሉ። ይህ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ክፍያው 60 ቀን ካለፈ ማኅበሩ ፑሉን (የጋራ መዋኛውን) ሊከለክል፣ ቀጥሎም ቤቱ ላይ ሊን (የዕዳ መያዣ) ሊያስመዘግብ ይችላል። ቅጣቱን እየተከራከሩ መዋጮውን መክፈል ነው እንጂ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ቢሮዎ የናሙና የጥሰት ደብዳቤ አዘጋጅቶ ለማኅበራትና ለማኔጅመንት ካምፓኒዎች ይላክ፤ የተጣሰው አንቀጽ፣ የመቅጣት ሥልጣኑ የተሰጠበት ገጽ፣ የስሚው ቀን፣ የ50 እና የ900 ዶላሩ ጣሪያ፣ የአቤቱታው ፎርም የሚገኝበት ቦታ ይኑርበት። በአቤቱታ ፎርምዎ ራስጌ ላይ “ቦርዱ የጣሰው የትኛውን የቨርጂኒያ ሕግ ነው?” የሚል ጥያቄ ይግባ፤ ከሥሩም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት አንቀጾች ይደርደሩ። የአሌክሳንድሪያ ከተማ ማስታወቂያውን በአማርኛ ያወጣል፤ የ30 ቀኑን ገደብ የሚያስረዳ አንድ ገጽም በአማርኛ ቢታተም አይከብድም። ትርጉሙን ለማረም እኛ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰሜን ቨርጂኒያ የምንኖር የቤት ባለቤቶች