እግዜር ይስጥልን፣ ጋሼ

ለቅዳሜው የወፍ ምልከታ ጉዞ ተካፋዮችና በስልክ ስትጨነቁ ለዋላችሁ ቤተሰቦች በሙሉ፦

ከሁሉ በፊት በሰላም ለቤታችን ያበቃን አምላክ ይመስገን። ቀበና ወንዝ ዳር ድንገት የመጣብንን ጎርፍ ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ አንደግመውም። 14 ሰው ወርዶ 14 ሰው ወጥቷል።

ምስጋናችን በቅድሚያ ለሚኒባሱ ሹፌር ለጋሼ ነው። ስሜን እንዳትጽፉ ስላሉ አንጽፍም።

ጋሼ፣ ከአራት ኪሎ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ካልተነሳን ብለው ሲቆጡ ምክንያቱ የገባን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ገፈርሳ ግድብ ስንደርስ ነው። ከከተማው በኩል ሲመጡ የጠዋት ፀሐይ ከጀርባ ስለምትሆን የወፉ ቀለም ጥርት ብሎ ይታያል። ረፈድ ሲል ግን ሙቀቱ ምስሉን ያርገበግበዋል። ሞተር አጥፍተው፣ በር ሳያስከፍቱ 10 ደቂቃ አስቀመጡን። ወፍ የቆመ መኪና ብዙም አይፈራም፤ የሚነሳው ሰው ሲወርድ ነው። ባለሰማያዊ ክንፏ ዝይ፣ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የሌላት፣ አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ጀርባዋ ላይ አስተኝታ ሣሩ ውስጥ ስትራመድ ያየናት በዚያ ዝምታ ነው። «ሰማያዊውን ቆማ አትፈልጉት፣ ስትነሳ ጠብቁ» አሉን። ተነሳች፣ አየነው። ጋጋኖዎቹንም በክንፋቸው ላይ ባለው ነጭ ለይተን መዘገብን።

የቀበናው ግን… ሰማዩ ብሩህ ነበር። ሁላችንም ባይኖኩላራችንን (አቅርቦ ማሳያ መነጽራችንን) የዛፍ ጉድጓድ ላይ ተክለን ጥንድ በቀቀን እያየን ነበር፤ ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ፣ ቀይ የሌላት ሴቷ። ወንዙን የሚያየው እርስዎ ብቻ ነበሩ። ውሃው የቡና አተላ መሰለ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ማምጣት ጀመረ፣ ቅድም ደርቆ የነበረው ድንጋይ ተዋጠ። እንጦጦ ላይ የዘነበ የበልግ ዝናብ እዚህ ፀሐይ እያለ እንደሚደርስ፣ ቁልቁለቱም ጊዜ እንደማይሰጥ ያውቁ ነበር። «ዕቃ ተዉ፣ ወደ ላይ!» ባይሉ ኖሮ… ይተወን።

ወደ ገፈርሳ እንመለስ፣ ያልጨረስነው ምስጋና አለ። ባይኖኩላሩ ሲደበዝዝብን ብርድ የመታው መስታወት ሰው በሞላበት መኪና እንደሚያልበው አስረድተው፣ ተሸፍኖ ቦርሳ ውስጥ እንዲቆይ አደረጉ። በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርግ የነበረችውን ልጅ እጇን ያዙ፤ አቧራው በቅድሚያ እፍ ካልተባለ መስታወቱን ይቧጭረዋል። የግራውን ዓይን በባይኖኩላሩ መሃለኛ ማስተካከያ፣ ከዚያ የቀኙን በራሱ ቀለበት አስተካከሉልን። ወፏን በባዶ ዓይን ይዞ፣ ዓይንን ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ማንሳትን የመሰለ ቀላል ነገር እስካሁን ማንም አላስተማረንም ነበር። ማስታወሻ በእርሳስ ነው፣ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይፈሳል ማለትዎም ትክክል ነበር፤ የተረፈው የእርሳሱ ብቻ ነው።

ገመድ የወረወራችሁልን የቀበና ወጣቶች፣ ሻይና ደረቅ ልብስ ይዛችሁ የወጣችሁ እናቶች፣ ባይኖኩላር ያዋሳችሁን መምህራን፣ የገፈርሳ ጥበቃዎች፣ ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። ወንዙ የወሰደው ትራይፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ) ባለቤት፣ «ብረት ነው፣ ይተካል» ላልከን አንተም እንዲሁ።

ስማችሁን የዘለልናችሁ ብዙ ናችሁ፤ ረስተን እንጂ ንቀን አይደለምና ይቅር በሉን። በዚያ ጥድፊያ ስማቸውን ያልጠየቅናቸው አንዲት እናት ደግሞ አሉ። ያለበሱን ነጭ ጋቢ እኛ ጋ ነው፤ ታጥቧል፣ አንዱ ጥለት ብቻ የጭቃው ቀለም አልለቀቀም። አራት ኪሎ ሚኒባሱ ከሚቆምበት ጋሼን ይጠይቁ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦልዎታል።

የጉዞው አስተባባሪዎች