ለዋንጫዎቹም መብራት ይታሰብላቸው

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ማን እንዳሸነፈ፣ ማን ዋንጫ እንደወሰደ ሁሌ ትጽፋላችሁ። ዋንጫው ከዚያ በኋላ የት እንደሚገባ ግን ሲጻፍ አላየሁም። አብዛኛው ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀረው፣ ወይም በካርቶን ታሽጎ አልጋ ስር። የአባቴም እዚያ ነበር። 14 ዋንጫና አንድ የጫማ ሳጥን ሙሉ ሜዳሊያ፣ የሮጠባቸው ዓመታት በሙሉ። አውጥቼ መብራት ያለው መደርደሪያ ሠራሁላቸው፣ ያውም ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው አልሆነም። የምጽፍላችሁም ሌላው ሰው ከሁለተኛው እንዲጀምር ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሁሉም የሚያደርገውን አደረግኩ። ኤልኢዲ ስትሪፕ፣ ማለትም ትናንሽ አምፖሎች የተደረደሩበት ተለጣፊ ሪባን፣ ገዝቼ ከላይ የሳጥኑ ጣሪያ ላይ ለጠፍኩና ሰካሁት። በራ። ትልቁን ዋንጫ ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ሆዱ ላይ የተደረደሩ ነጫጭ ነጥቦች ናቸው የሚታዩት፣ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የላይኛው መደርደሪያ ዓይን ይወጋል፣ የታችኛው ድቅድቅ ነው። ከሁሉ የከፋው፣ የአባቴ ስም የተቀረጸበት የግርጌ ሰሌዳ ላይ የዋንጫው ሆድ ራሱ ጥላ ጥሎበታል። ስሙ ካልተነበበ መብራቱ ምን ይሠራል?

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የተወለወለ ብረት መስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ የሚያሳየው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው። አምፖል ካለ አምፖል ያሳያል፣ ጨለማ ካለ ጨለማ። ስለዚህ ዋንጫው ላይ ብርሃን ከማፍሰስ ይልቅ የሚያንጸባርቀውን ነገር ማሳመር ነው፤ ሰፋ ያለ፣ ለስለስ ያለ ብርሃን ፊት ለፊቱ ማስቀመጥ።

በሁለተኛው ዙር ስትሪፑን ከጣሪያው አንስቼ ከፊት ባሉት ሁለት ቋሚዎች ጀርባ ከላይ እስከ ታች አወረድኩት። ቆሞ ለሚያይ ሰው መብራቱ አይታይም፣ ዋንጫው ብቻ ነው የሚታየው። ስትሪፑን ወደ ውስጥ ያዘነበለ አሉሚኒየም ቻናል (ቦይ የመሰለ ቀጭን ዘንግ) ውስጥ ከትቼ ወተት የመሰለ ሽፋን አደረግኩበት። ሽፋኑ ነጥቦቹን ያዋህዳቸዋል፣ አሉሚኒየሙ ሙቀቱን ይወስዳል። መደርደሪያዎቹን መስታወት አደረግኳቸው፣ ብርሃን እንዲያልፍ፤ እንጨት ከሆኑ እያንዳንዱ ደረጃ የራሱን መብራት ይፈልጋል። የጀርባውን ግድግዳ የማያብለጨልጭ ግራጫ ቀባሁት። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ አሁን የተቀረጹት ፊደላት ጠርዛቸው ሳይቀር ጎልቶ ይነበባል።

የብርሃኑ ቀለም ላይ አትቸኩሉ። የሚለካው በኬልቪን ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል ብርሃኑ ቢጫማ፣ ከፍ ሲል ነጭ ይሆናል። ወርቃማ ዋንጫ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን ላይ ይሞቃል፣ ብርና ክሪስታል 4000 ላይ ያምራሉ። ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ መቀላቀል ግን ደስ አይልም። የእኔ አብዛኛው ወርቃማ ስለሆነ ሁሉንም 3000 አደረግኩ። ሲአርአይ የሚሉት ቁጥር፣ ብርሃኑ የዕቃውን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው፣ ደግሞ 90 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ዝቅ ሲል ወርቁ ነሐስ መስሎ ይደበዝዛል።

የኤሌክትሪኩ ሒሳብ ቀላል ነው። በሜትር 9.6 ዋት የሚበላ 5 ሜትር ስትሪፕ 48 ዋት ነው፤ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለስትሪፑ የሚመጥነው ፓወር ሰፕላይ እስከ አፉ እንዳይጫን 60 ዋት ውሰዱ። ስትሪፑ ረጅም ከሆነ ከ12 ቮልት ይልቅ 24 ይሻላል፣ ጫፉ ላይ ብርሃኑ አይደክምም። የመጀመሪያውን ፓወር ሰፕላይ አየር በሌለው የላይኛው ሳጥን ውስጥ አፍኜው ነበር። ከሳምንታት በኋላ መብራቱ ይርገበገብ ጀመር፣ ስነካው እጅ አያስቀምጥም። አሁን ከኋላ በኩል ውጭ ነው ያለው፣ ሲበላሽ እጅ የሚደርስበት ቦታ። ከግድግዳው የሚመጣውን መስመር ግን ለኤሌክትሪሽያን ተዉለት።

የሜዳሊያ ጥብጣብ ነገር ለብቻው ነው። ቀለሙን ብርሃን ይበላዋል፣ የለቀቀ ቀለም ደግሞ አይመለስም። ሙዚየሞች ጨርቅን 50 ሉክስ (ዕቃው ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) አካባቢ፣ ማለትም በደብዛዛ ብርሃን፣ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። እኔ ሜዳሊያዎቹን ታች አድርጌ ዲመር (ብርሃን መቀነሻ) አስገባሁላቸው፣ መብራታቸው ሰው ሲኖር ብቻ ይበራል። ከብር ዕቃ ስር የሱፍ ጨርቅ አታንጥፉ፣ ከሱፉ የሚወጣው ድኝ ብሩን ያጠቁረዋል።

ጀርባውንም እንደ ፊቱ አጠንክሩት። የዓለም ዋንጫው ጁል ሪሜ በ1983 እ.ኤ.አ. ሪዮ ውስጥ ሲሰረቅ የሳጥኑ ፊት ጥይት የማይበሳው መስታወት ነበር። ሌቦቹ የከፈቱት በእንጨቱ ጀርባ በኩል ነው።

ክለቦችና ትምህርት ቤቶች፣ እባካችሁ፣ ቀጣዩን ቁም ሳጥን ስታሠሩ የገመድ ቀዳዳውንና መብራቱን የሚደብቀውን የፊት ጠርዝ ከመጀመሪያው ለአናጢው ንገሩት። ሳጥኑ ካለቀ በኋላ እነዚህን መጨመር መከራ ነው።

አባቴ መደርደሪያውን ባየ ጊዜ ትልቁን ዋንጫ ዝም ብሎ አለፈው። ታች ጥግ ላይ ያስቀመጥኳትን፣ አንድ ጆሮዋ የተላቀቀውን ትንሽ የሦስተኛ ደረጃ ዋንጫ አንስቶ መሃል ላይ አደረጋት። «ይቺ እዚህ ትሁን» አለ። እዚያው ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ