አዲስ ሃርድ ዲስክ ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድም ዓለም፣

ጠፋን አይደል? አንተም አልደወልክ፣ እኔም አልጻፍኩ፤ እኩል ነንና መወቃቀሱን እንተወው። ደብረ ብርሃን ብርዱ ያው ነው። አንተ ሸዋ ሮቢት በሙቀቱ ስትጠበስ እኛ እዚህ ጋቢ ደርበን ኮምፒውተር ላይ ተጣብቀናል።

እህትህን ገበያ አግኝቻት የፎቶ ቤቱ ሃርድ ዲስክ ሞልቶ ሌላ ልትገዛ ነው አለችኝ። ቆይ፣ ብርህን ያዝ! አመልህን አውቀዋለሁ፤ የጥር ሰርግ ሲደራረብብህ አንዱን ሜሞሪ ካርድ "ለማንኛውም" እያልክ አንዴ ዴስክቶፕ ላይ፣ አንዴ "አዲስ ፎልደር"፣ አንዴ ደግሞ "አዲስ ፎልደር 2" ውስጥ ትገለብጠዋለህ።

ዲስኩን የሞሉት እነዚህ ድርብ ቅጂዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እነሱን አጥራ። ብቻ ስም እያየህ እንዳትሰርዝ። ካሜራው 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል፤ ስማቸው አንድ ከሆነ ሁለት ፎቶዎች አንዱ የደብረ ሲና ሙሽራ፣ ሌላው የአጣዬ ክርስትና ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተርህ በኡቡንቱ ሊኑክስ ነው የሚሠራው አይደል፣ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈትና ኤፍዱፕስን (fdupes)፣ ድርብ ፋይል ፈላጊዋን ፕሮግራም፣ በአፕት (apt)፣ በፕሮግራም መጫኛው ትእዛዝ፣ ጫን። ይቺ ስም አታይም። መጀመሪያ መጠናቸው እኩል የሆኑትን ትለያለች፣ ከዚያ የኤምዲ5 አሻራቸውን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ አጭር ኮድ) ታስተያያለች፤ እሱንም በፋይሉ ቁራጭ ጀምራ ነው ወደ ሙሉው የምታልፈው። በመጨረሻ ባይት በባይት ታመሳክራለች። መጠኑ የማይገጥም ፋይል ገና ከበር ስለሚመለስ ብዙ አትንቀራፈፍም።

ከስሟ ቀጥለህ የምትጽፋቸው ምርጫዎች አሉ፦ ስሞል አር (-r) ንዑስ ፎልደሮቹን ሁሉ ታስፈትሻለች፣ ስሞል ኤም (-m) ደግሞ ስንት ቦታ እንደባከነ ጠቅለል አድርጋ ትነግርሃለች። በእነዚህ ምንም አይጠፋም። በኤም ፈንታ ስሞል ዲ (-d) ስታደርግ ነው "የቱን ላስቀር?" የሚመጣው። ካፒታል ኤንን (-N) ከዲ ጋር ካደረግክ ግን ጥያቄ የለም፣ ከየቡድኑ የመጀመሪያውን ትታ ሌላውን ጥርግ ነው፤ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ እንኳ አታገኘውም።

አደራህን፣ መጠባበቂያ ዲስክህን ነቅለህ ጀምር! አብረህ ካስፈተሽከው ለእሷ እሱም ድርብ ነው፤ ያለህን አንድ መተማመኛ ራስህ ታስጠርጋለህ።

በቴሌግራም እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ልከህ መልሰህ ያወረድካቸውን አታገኛቸውም፤ ፎቶው ሲላክ ስለሚጨመቅ ባይቱ ይለያያል። እነሱን እንግዲህ በዓይንህ ነው።

ለጊዜው በአርና በኤም ብቻ አሂዳትና ስንት ጊጋ እንዳገኘህ ጻፍልኝ። ካስቸገረችህ ማታ ማታ ቤት ነኝ፣ ደውል።