እናቴ እና እማዬ

ልጄ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴንም ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ተሽሎኛል።

ሊዮን ከገባሽ ሦስት ወር ሆኖሽ ዳቦ ሻጯ የምትለው አለመግባቱ አይግረምሽ። መምህርሽ «አላውቅም» ለማለት «ዠ ኔ ሴ ፓ» ብሎ ያስተምርሻል፣ ሴትዮዋ ግማሹን ውጣ «ሼ ፓ» ትልሻለች። አያትሽ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ፈረንሳይኛን በጆሯቸው ነው የለቀሙት። ለገሃር ራሱ «ላ ጋር»፣ ጣቢያው ማለት አይደል?

እስቲ ደብተሩን አስቀምጪና የትሩፎን ፊልም «ሌ ካትር ሳን ኩ»ን እዪ፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣ ነው። ከሥር ጽሑፍ ካስፈለገሽ የፈረንሳይኛውን ብቻ አድርጊ። ርዕሱን እንግሊዞቹ ቃል በቃል «አራት መቶ ምቶች» ብለው አበላሽተውታል፤ ለፈረንሳዮቹ ያላጠፋው ጥፋት የሌለ ልጅን የሚገልጹበት አነጋገር ነው።

የፊልሙ ልጅ አንትዋን ከትምህርት ቤት ይቀራል። በማግስቱ መምህሩ ለምን እንደቀረ ሲያፋጥጡት፣ «ማ ሜር፣ ምስዬ... ሞተች» ብሎ ይዋሻል። («ማ ሜር» እናቴ ማለት ነው፤ «ምስዬ» ጌታዬ፣ የኛ የድሮ ሰዎች «ሙሴ» የሚሉት።) ያንን ሰምተሽ የካሙን ልብ ወለድ «ሌትራንዤ»ን ግለጪ፤ እ.ኤ.አ. በ1942 የታተመው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ዛሬ ማማን ሞተች» ይላል። መዝገበ ቃላት «ሜር»ንም «ማማን»ንም «እናት» ብሎሽ ያልፋል። እኔ ብተረጉም ግን የልጁ «እናቴ» ነው፣ የካሙ ትልቅ ሰውዬ «እማዬ»። በቀብሯ ላይ አላለቀሰም ተብሎ ፍርድ ቤት የሚወቀስ ሰው በልጅነት አፉ ይጠራታል፤ ትንሹ ውሸታም ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ያወራል። ይህንን ከሰዋስው መጽሐፍ አታገኚውም።

ካሙ የሚቀልሽ በሌላም ምክንያት ነው። የቆዩት ልብ ወለዶች የተጻፉበትን፣ ሰው በአፉ የማይናገረውን ኃላፊ ጊዜ ትቶ፣ ሰው እንደሚያወራው ነው የጻፈው። ዓረፍተ ነገሮቹም አጫጭር ናቸው። የድሮውን ደራሲ ባልዛክን ለጊዜው ተዪው። አንትዋን በሥዕሉ ፊት ሻማ አብርቶ ቤቱን ሊያነድ ነበር፤ እንዲያ ያለ ፍቅር ካላደረብሽ ከመቶ ገጽ በላይ አትዘልቂውም።

የመምህሩ ክፍል ላይ ስትደርሺ ፊልሙን እያቆምሽ የልጁን ቃል ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ጎረቤት ቢሰማ ግን ውሸት መሆኑን ንገሪያቸው፤ እኔ አለሁ።

በርበሬውን ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ስትደውዪ ደግሞ «ማማን» እንዳትዪኝ።

እማዬ