ስልክ መቅዳት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አንድ አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው እትማችሁ «አከራይ ካስቸገራችሁ ስልኩን ቅዱት» የሚለውን ምክር አንብቤ ደነገጥኩ። ምክሩ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ለሚኖር ያስኬዳል። በቨርጂኒያም ሆነ በዲሲ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል፤ ያ ሰው ራሱ ቀጂው ሊሆን ይችላል። የፌዴራሉም ሕግ እንዲሁ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምንኖረው ግን ጣጣ ነው። ሜሪላንድ የሁሉንም ተነጋጋሪ ፈቃድ ትጠይቃለች። ደብቆ መቅዳት እስከ 5 ዓመት እስርና እስከ 10,000 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። ይባስ ብሎ በስውር የተቀዳው ድምፅ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ሊንዳ ትሪፕን አስታውሱ። ሜሪላንድ ካለው ቤቷ ሆና ከሥራ ባልደረባዋ፣ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ቅሌት ስሟ ከተነሳው ከሞኒካ ሉዊንስኪ ጋር በስልክ ያወራችውን በመቅዳቷ በ1999 እ.ኤ.አ. ተከሰሰች። በዓመቱ ክሱ ቢነሳላትም መንከራተቱ አልቀረላትም።

አንዱ ቨርጂኒያ፣ ሌላው ሜሪላንድ ሆኖ ሲደዋወልስ? (ስንቱ ወገን እዚህ አድሮ እዚያ ይሠራል!) ጠበቅ ያለውን ሕግ መከተል ይሻላል። «ልቀዳው ነው፣ ይፈቅዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እምቢ ካለ፣ ጉዳዩን በቴክስት እንዲጽፍላችሁ አድርጉ። የተላከላችሁን መልእክት ማስቀመጥ ወንጀል አይደለም።

በሚቀጥለው እትም ማስተካከያ ብታወጡ ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ